«የቅርብ ወዳጅ» የሚለው መግለጫ ይታረም፦ ለሙዚየሞችና ለቤተ መዛግብት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የታሪክ ሙዚየሞችን፣ ቤተ መዛግብትንና ቤተ መጻሕፍትን ለምትመሩ ኃላፊዎች እንዲሁም ለኤግዚቢሽን አዘጋጅ ባለሙያዎች

ጉዳዩ፦ የሌዝቢያኖች ታሪክ በትክክለኛ ስሙ እንዲጻፍ ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ በሁለት ሳምንት ልዩነት የጎበኘኋቸው የሁለት ሙዚየሞች ነገር ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ነው፤ ያየሁበት ጉድለት የእሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን አልጠቅስም። በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ የሁለት ሴቶች ፎቶግራፍ ነበር። የአንደኛዋ እጅ በሌላዋ ጉልበት ላይ አርፏል። ከፎቶግራፉ ሥር ያለው መግለጫ አንደኛዋ ሠዓሊ እንደ ነበረች፣ ሁለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ቤት እንደ ኖሩ፣ ሠዓሊዋ ያላትን ሁሉ ለሌላዋ እንዳወረሰች፣ በመጨረሻም በአንድ መቃብር እንደ ተቀበሩ ይዘረዝራል። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ግን ሁለተኛዋን ሴት «የቅርብ ወዳጇ» ብሎ ያልፋታል። በአቅራቢያው የነበረውን የሙዚየሙን ሠራተኛ ስለ ቃሉ ጠየቅሁት። በትሕትና አዳመጠኝና ካታሎጉ ላይ የተጻፈው እንደዚያ እንደ ሆነ ነገረኝ። ሠራተኛው ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ካታሎጉን ከሚጽፉት፣ ጽፈውም ለአሥርት ዓመታት መልሰው ከማያነቡት ዘንድ ነው።

ሁለተኛው ትንሽ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ ፓርክ ስሎፕ በሚባለው ሰፈር፣ በ14ኛው ጎዳና ላይ የሚገኝ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ሰው ከማንኛውም መኖሪያ ቤት የማይለይ ቤት ነው። ስሙ «ሌዝቢያን ኸርስቶሪ አርካይቭስ» ይባላል። በእንግሊዝኛ ታሪክ የሚለው ቃል፣ «ሂስቶሪ»፣ አጀማመሩ ላይ «የእሱ» የሚል ድምፅ ስላለው መሥራቾቹ ያን ድምፅ አውጥተው «የእሷ» የሚለውን በቦታው አስገብተዋል። ቤቱ ቤተ መዛግብት ይባል እንጂ ቤተ መጻሕፍትም ሙዚየምም ነው፤ መጻሕፍቱ፣ ፎቶግራፎቹ፣ የድምፅ ቅጂዎቹ፣ በሰልፍ የተያዙት የጨርቅ መፈክሮች፣ ደረት ላይ የሚሰኩት ባጆችና የተለበሱት ቲሸርቶች ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛሉ። አስተናግደው ያስጎበኙኝ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ማንነቴን የሚያረጋግጥ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አልጠየቁኝም፤ ምን ማየት እንደምፈልግ ብቻ ነው የጠየቁኝ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። በዚህ ደብዳቤ ሌዝቢያን የምለው ሴትን የምታፈቅር፣ የፍቅር ሕይወቷንም ከሴት ጋር የምትመሠርት ሴትን ነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዷ ነኝ። ቃሉ ገጣሚዋ ሳፎ ከኖረችበት ከሌዝቦስ፣ ከግሪኳ ደሴት ስም የመጣ ነው። በአማርኛ ለዚህ ነገር የሚነገሩት ቃላት አብዛኞቹ ገና ከአፍ ሲወጡ ፍርድ የተሸከሙ ስለሆኑ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ለራሳቸው የመረጡትን ስም መያዝ ትክክል መስሎ ታይቶኛል። ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ቤት እንዴት እንደ ተጀመረ ብታውቁ እወዳለሁ፤ የምጠይቃችሁ ነገር ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነውና። በ1974 ጆን ኔስትልና ዴቦራ ኤደል የሚገኙበት ጥቂት ሴቶች በኒው ዮርክ ተሰብስበው ሲነጋገሩ፣ የሌዝቢያኖች ታሪክ በተሠራበት ፍጥነት እየጠፋ መሆኑን ተገነዘቡ። አንዲት ሴት ስትሞት ደብዳቤዎቿን ቤተሰብ ያቃጥላል፤ ፎቶግራፎቿ ከቆሻሻ ጋር ይወጣሉ፤ ቤተ መጻሕፍትም ቢቀበሉ በሌላ ስም ይመዘግቡታል። ስለዚህ ራሳቸው መሰብሰብ ጀመሩ። መጀመሪያ የተቀመጠው ማንሃተን በሚገኘው በኔስትል አፓርታማ ውስጥ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ በነበረች ክፍል ነው። ክምችቱ እያደገ ሄዶ አፓርታማውን እስኪሞላው ድረስ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ እዚያው ቆየ፤ ማየት የሚፈልግ ሰውም ወደ መኖሪያ ቤቷ ይመጣ ነበር። ከየአቅጣጫው በተዋጣ ገንዘብ የተገዛው የአሁኑ ቤት በ1993 ለጎብኚ ተከፈተ፤ የቤቱ ዕዳ በ1996 ተከፍሎ አለቀ። ሲጀምሩ የመንግሥትን ገንዘብ ላለመጠየቅ ወሰኑ፤ ክምችቱም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሳይሆን በማኅበረሰቡ መካከል እንዲኖር ተስማሙ። በኅዳር 2022 የኒው ዮርክ ከተማ ቤቱን በቅርስነት መዝግቦታል።

መደርደሪያዎቹ ዘንድ ስደርስ ቆምሁ። መጻሕፍቱ የተደረደሩት በደራሲዎቹ የቤተሰብ ስም ሳይሆን በራሳቸው ስም ፊደል ተራ ነው። የቤተሰብ ስም ከአባት ወይም ከባል የሚመጣ ስለሆነ፣ ሴቲቱ በራሷ ስም እንድትገኝ ብለው ያደረጉት ነው። ሰውን በራሱ ስም እየጠራ፣ ደራሲንም በራሱ ስም እየመዘገበ ላደገ የአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም በዚያ መደርደሪያ ፊት የተሰማኝ ወደማውቀው ነገር የመግባት ስሜት ነበር። ገጣሚዋን ኦድሪ ሎርድን ስፈልግ እጄ ሳላስብ ወደ «ኦ» ሄደ። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአመዘጋገብ ሥርዓት ሰው የሚገኝበትንና የሚጠፋበትን መንገድ የሚወስን ነገር መሆኑን በሙያችሁ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

እንዲያወጡልኝ የጠየቅሁት «ዘ ላደር» የተባለውን መጽሔት ነው። ግራጫ ሣጥን አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ክዳኑን ከፈትሁ። የመጀመሪያዎቹ እትሞች የዛሬ መጽሔት የምንለውን አይመስሉም፤ በጽሕፈት መኪና ተጽፈው በስቴንስል የተባዙ፣ በሽቦ የተያያዙ ስስ ጥራዞች ናቸው። የአንዱ ወረቀት ጠርዙ ቢጫ ሆኖ መሰባበር ጀምሯል። የሽቦው ዝገት ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ሁለት ትናንሽ ቡናማ ነጥቦችን ትቷል። ገጹን በሁለት ጣቴ ስገልጠው እንዳይቀደድ ትንፋሼን ይዤ ነበር። መጽሔቱን በጥቅምት 1956 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማሳተም የጀመረው «ዶተርስ ኦቭ ቢሊቲስ» የተባለው ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ከአንድ ዓመት በፊት በ1955 በዴል ማርቲን፣ በፊሊስ ላየንና በስድስት ሌሎች ሴቶች የተመሠረተ ሲሆን በአሜሪካ የመጀመሪያው የሌዝቢያኖች ማኅበር ነበር። መጽሔቱም እስከ 1972 ቆይቷል። በፖስታ የሚላከው በላዩ ምንም በማይገልጽ ፖስታ ታሽጎ ነበር፤ የተቀባይዋ ጎረቤት ወይም አሠሪ ቢያየው ኑሮዋ ሊፈርስ ይችል ነበርና።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት 10450ኛው ትእዛዝ «የወሲብ ብልሹነት» ብሎ የጠራውን ነገር ከፌዴራል መንግሥት ሥራ ለመባረር ምክንያት አድርጎ ነበር። በዚህ ምክንያት ሴቶቹ በብዕር ስም ይጽፉ ነበር። ፊሊስ ላየን ራሷ የመጽሔቱ አዘጋጅ የሆነችው «አን ፈርጉሰን» በሚል ስም ነው፤ በዚያው ስም የአንባቢዎቹ ስም በምስጢር እንደሚጠበቅ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አወጣች። ጥቂት ቆይታ ግን ሌሎች እንዳይፈሩ እየመከሩ ራስን መደበቅ አላስቻላትም። በጥር 1957 እትም አን ፈርጉሰን መሞቷን፣ የገደለቻትም ራሷ መሆኗን ለአንባቢዎቿ ገልጻ በእውነተኛ ስሟ መጻፍ ጀመረች። ያን ገጽ ሳነብ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። አንዲት ሴት በዚያ ዘመን፣ በዚያ ትእዛዝ ሥር፣ በስቴንስል ወረቀት ላይ ስሟን ለመጻፍ ደፍራለች፤ እኛ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይተን፣ ማንም ሥራ በማያሳጣን ጊዜ፣ «ወዳጅ» እያልን እንጽፋለን።

ከእርሷ በፊት የነበረችውንም ላንሣ። በ1947 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአርኬኦ የፊልም ድርጅት ጸሐፊ የነበረች ኢዲት አይድ የተባለች ወጣት፣ የቢሮ ሥራዋን ጨርሳ በምትቀመጥበት ጊዜ «ቫይስ ቨርሳ» የተባለ መጽሔት በጽሕፈት መኪናዋ ትጽፍ ነበር። ማባዣ ስላልነበራት በካርቦን ወረቀት እየደረበች፣ ያንኑ ሁለተኛ ጊዜ እየጻፈች፣ ከእያንዳንዱ እትም አሥር ያህል ቅጂ ታወጣ ነበር። ያነበበችው ሴት እንዳትጥለው፣ ለሌላ እንድታስተላልፈው ትለምን ነበር። ዘጠኝ እትም አወጣች፤ በአንዱም ላይ ስሟ የለም። በኋላ ለ«ዘ ላደር» ስትጽፍ የያዘችው የብዕር ስም ሊሳ ቤን ነው፤ የላቲኑ ፊደላት ቦታቸው ሲቀያየር ሌዝቢያን የሚለውን ቃል ይሰጣሉ። ቃሉን በስሟ ውስጥ ደብቃ ተሸከመችው። ይህን ሳስብ፣ ከፎቶግራፍ ሥር ለአንድ ቃል ቦታ የማናገኝ እኛ ምን ብለን እንደምንመልስላት አላውቅም።

ተውኔት ጸሐፊዋ ሎሬን ሃንስቤሪም በ1957 ለ«ዘ ላደር» ደብዳቤ ጽፋለች፤ የፈረመችው በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ነው። ከሞተችም በኋላ ወረቀቶቿ ተሰብስበው ሲጠበቁ ይህን የሕይወቷን ክፍል የሚነካው ተለይቶ ለረጅም ዓመታት ለተመራማሪ ዝግ ሆኖ ቆይቷል። በ2013 ግን የብሩክሊን ሙዚየም እነዚያን ለመጽሔቱ የተጻፉ ደብዳቤዎች ራሳቸውን ርእስ ያደረገ ኤግዚቢሽን አሳየ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር የማይቻል ወይም በትልቅ ተቋም ያልተሞከረ አይደለም።

ከቤቱ ታሪክ ጋር ስሟ የተቆራኘ አንዲት ሴት አለች፤ ሜብል ሃምፕተን። በ1902 በኖርዝ ካሮላይና የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በወጣትነቷ በኒው ዮርክ በዳንሰኛነት ሠርታለች፤ ኋላ ቤት በማጽዳት ኑሮዋን ገፍታለች። ከሊሊያን ፎስተር ጋር በ1932 ተገናኝተው ሊሊያን በ1978 እስክትሞት ድረስ አብረው ኖረዋል። የሕዝብ ታሪክ ጸሐፊ የሚፈልገው ዓይነት ሰው አልነበረችም፤ ሥልጣን አልያዘችም፤ መጽሐፍ አልጻፈችም። ነገር ግን ሳትጥል አስቀምጣለች። በዘመኑ በየሱቁ በርካሽ የሚሸጡትን ስለ ሌዝቢያኖች የሚተርኩ የኪስ ልብ ወለዶች ለዓመታት እየገዛች አከማችታ ለዚህ ቤት ሰጥታለች፤ ሕይወቷንም በራሷ ድምፅ ለካሴት ተናግራለች። በ1984 በኒው ዮርክ የኩራት ቀን ሰልፍ ላይ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት ሆኗት ሳለ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሌዝቢያን ሆና እንደ ኖረችና በራሷና በሕዝቧ እንደምትኮራ በአደባባይ ተናገረች። በ1989 አረፈች። ሜብል ሃምፕተን ንብረቷን በሌላ መንገድ ለአንድ ትልቅ ተቋም ሰጥታ ቢሆን ኖሮ ሊሊያን ፎስተር በመዝገቡ ላይ ምን ተብላ ትጻፍ ነበር? አርባ ስድስት ዓመት የኖሩበትን ቤት የትኛው ቃል ይገልጸው ነበር? ለዚህ ጥያቄ የማውቀው መልስ ያን ደረጃ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሴቶች ያየሁበት መግለጫ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ ወገን የሚነሡ ሁለት መከራከሪያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለቱንም በአክብሮት ልመልስ።

አንደኛው የዛሬን ቃል በትናንት ሰው ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው የሚለው ነው። ክርክሩ ክብደት አለው። በእንግሊዝ፣ ሃሊፋክስ አጠገብ የሚገኘው የሺብደን ሆል ባለቤት አን ሊስተር (1791–1840) ራሷን ሌዝቢያን ብላ አልጠራችም፤ በዘመኗ ቃሉ በዚህ ትርጉሙ አልተለመደም ነበር። ነገር ግን አምስት ሚሊዮን ያህል ቃላት ባሉት ማስታወሻዋ ውስጥ፣ ከግሪክ ፊደልና ከሒሳብ ምልክቶች ራሷ ባዘጋጀችው ምስጢራዊ ጽሕፈት፣ ሴቶችን እንጂ ወንዶችን እንደማታፈቅር በግልጽ ጽፋለች። ጽሕፈቱን በ1890ዎቹ የፈቱት የቤቱ ወራሽ ጆን ሊስተርና ወዳጁ አርተር ባረል ናቸው፤ ቁልፉን የሰጣቸው «ተስፋ» የሚለው ቃል ነበር። ያነበቡት ነገር አስደነገጣቸው፤ ባረል ማስታወሻዎቹ እንዲቃጠሉ መከረ። ጆን ሊስተር ግን አላቃጠላቸውም፤ ከግድግዳው እንጨት ጀርባ ደበቃቸው። በ2011 እነዚያው ጥራዞች በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ የዩናይትድ ኪንግደም መዝገብ ላይ ሰፈሩ።

የእኔን ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከተው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አን ሊስተር ከአን ዎከር ጋር በ1834 በፋሲካ ቃል ኪዳናቸውን ባተሙበት በዮርክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ላይ በ2018 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳው ከጾታ ልማድ ውጭ የሆነች ሴት መሆኗንና የንግድ ሰው መሆኗን ሲናገር ሌዝቢያን የሚለውን ቃል አልያዘም ነበር። ብዙ ሰዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ፤ ሰሌዳውን ያሠሩት ሰዎች ቅሬታውን ሰምተው በ2019 አወረዱትና ሌዝቢያንና የማስታወሻ ጸሐፊ መሆኗን የሚናገር ሌላ ሰቀሉ። ያ ድርጅት ተሳስቶ ነበር፤ ተነገረው፤ አረመ። ስለ እርማቱ ክብሩ አልቀነሰም። የዘመን ልዩነትን በተመለከተም፣ «ወዳጅ» የሚለውም ቃል ቢሆን ከሰማይ የወረደ ገለልተኛ ቃል አይደለም፤ እሱም የአንድ ዘመን ፍርድ ነው። ባልና ሚስት ለሆኑ ሁለት ሰዎች እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ አድርጋችሁ አታውቁም፤ በአንድ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖረው በአንድ መቃብር የተቀበሩ ወንድና ሴት ቢሆኑ የጋብቻ ወረቀታቸው ባይገኝ እንኳ ወዳጆች ብላችሁ እንደማታልፏቸው አምናለሁ።

ሁለተኛው መከራከሪያ ማስረጃ አይበቃም የሚለው ነው፤ ይህንንም የምቀበልበት ቦታ አለ። ጋዜጠኛዋ ሎሬና ሂኮክና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የፍራንክሊን ሩዝቬልት ባለቤት ኢሊኖር ሩዝቬልት የተጻጻፏቸው ከሦስት ሺህ በላይ ደብዳቤዎች በሃይድ ፓርክ በሚገኘው የፍራንክሊን ሩዝቬልት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሂኮክ ካረፈች ዐሥር ዓመት እስኪሞላ ድረስ ታሽገው እንዲቆዩ አድርጋ የሰጠቻቸው ሲሆኑ በ1978 ተከፍተዋል። ፍቅሩን የሚናገሩት መስመሮች እዚያው አሉ፤ የግንኙነቱን ምንነት በተመለከተ ግን ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የምጠይቀው ውሳኔውን በጎብኚው ፈንታ እንድትወስኑ አይደለም። ደብዳቤውን አሳዩ፤ ክርክሩ መኖሩን ጻፉ፤ የሚያነበው ሰው ራሱ ይመዝን። ማስረጃው አከራካሪ የሆነበትንም፣ ማስረጃው አፍ አውጥቶ የሚናገርበትንም ቦታ «ወዳጅ» በሚለው በአንድ ቃል ማለፍ ግን ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

እንግዲህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። ካታሎጋችሁን ከፍታችሁ «ወዳጅ»፣ «የቤት ተጋሪ»፣ «የኑሮ አጋር»፣ «ጸሐፊዋ»፣ «አብራት የምትጓዝ» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። እያንዳንዳቸው ከተጻፉበት መዝገብ ጋር ያለውን ደብዳቤ፣ ኑዛዜና ፎቶግራፍ እንደ ገና አንብቡ። ማስረጃው የሚፈቅድ ከሆነ መግለጫውን ለውጡ፤ የቀድሞውንም አትሰርዙት፣ መቼና ለምን እንደ ተለወጠ በመዝገቡ ይቆይ፤ የካታሎጉ ዝምታ ራሱ ታሪክ ነውና። ለፍለጋ የሚሆኑ ቃላትን በተመለከተ ከባዶ መጀመር አይጠበቅባችሁም፤ በኔዘርላንድ ኢህሊያ የተባለው ተቋም በ1997 የጀመረው ሆሞሶረስ የተሰኘ የቃላት ዝርዝር ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ነው። አንዲት ወጣት በፍለጋ ሳጥናችሁ ውስጥ ሌዝቢያን ብላ ስትጽፍ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ካገኘች፣ በመጋዘናችሁ ያለው ሁሉ ለእርሷ የለም ማለት ነው።

ስጦታ በምትቀበሉበት ጊዜም የምታደርጉት ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ የሚመጣው የሟቿ የእኅት ልጅ ወይም ወንድም ነው፤ የሚያመጣውም ሥዕሎቿን፣ ሽልማቶቿንና የሥራ ወረቀቶቿን ነው፤ ደብዳቤዎቹን «የግል ናቸው» ብሎ ቤቱ ያስቀራል፣ ወይም አስቀድሞ ጥሏቸዋል። ያን ጊዜ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብዙ ሊያድን ይችላል፤ አብራት የኖረች ሰው አለች ወይ? በሕይወት ካለችስ አነጋግራችኋታል ወይ? ብሩክሊን ያለው ቤት ደብዳቤ ብቻ አይደለም የሚቀበለው። አንድ ቲሸርት አሳይተውኛል፤ ታጥቦ ታጥቦ ጽሑፉ ሊነበብ ከማይችልበት ደርሷል፤ እጅጌው ሥር በሌላ ቀለም ክር በእጅ ተሰፍቷል። የጠቢባን ሥራ አይደለም። ሆኖም የሰፋችው እጅ የማን እንደ ሆነ፣ የለበሰችውስ ሴት ለምን ስትጨርስ እንዳልጣለችው ሳስብ፣ በትልቁ ሙዚየም ከሦስት አዳራሾች ያላገኘሁትን ነገር አገኘሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ «ዋጋ የለውም» ብላችሁ አትመልሱ።

አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። ይህን ልመና ሰምታችሁ እነዚህን ትናንሽ ቤቶች ለመጠቅለል የምትነሡ እንዳትሆኑ። እነርሱ የቆሙት እናንተ ባልነበራችሁበት ጊዜ ነው፤ አሁን ነገሩ ክብር ሲያገኝ ክምችታቸውን ወደ መጋዘናችሁ ማዞር ፍትሕ አይሆንም። ደግሞም ደካማ መሆናቸውን አልክድም። በ1984 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የሌዝቢያን ቤተ መዛግብት ራሱን ማስተዳደር አቅቶት በ1995 ክምችቱ በሙሉ ወደ ግላስጎው ሴቶች ቤተ መጻሕፍት ሄዷል፤ እዚያ ተቀባይ ባይገኝ ኖሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የሚሻለው መንገድ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ያለው የጁን ማዘር ሌዝቢያን አርካይቭስ ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ጋር እንዳደረገው ያለ ትብብር ነው፤ ትልቁ ተቋም ባለሙያና መሣሪያ አቀረበ፣ ስብስቦቹ ተዘረዘሩ፣ በዲጂታል ተቀዱ፤ ትንሹም ቤት ስሙንና በሩን እንደ ያዘ ቀጠለ። የወረቀት ጥገና ባለሙያችሁን በወር አንድ ቀን አውሱ፤ አሲድ የሌለበት ሣጥን ስታዝዙ ለእነርሱም ጨምራችሁ እዘዙ፤ ያረጁ ካሴቶች ሳይበላሹ እንዲገለበጡ መሣሪያችሁን ክፈቱላቸው። እርዳታውን የሚፈልጉበትን መንገድ ግን እነርሱ ይወስኑ፤ አንዳንዶቹ እንደ ብሩክሊኑ ቤት ከውጭ ገንዘብ ላለመቀበል በመርሕ ወስነዋልና።

ለዚያ ትልቅ ሙዚየም የመስታወት ሣጥኑን ቁጥርና የመግለጫውን ቃል ጠቅሼ ለብቻው ጽፌአለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣልኝም፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ። ለእናንተ ግን በግልጽ የጻፍሁት ያች ሁለተኛዋ ሴት በአንድ ሙዚየም ብቻ ስላልተቀመጠች ነው። ብሩክሊን ደርሼ ከተመለስሁ በኋላ እንደ ገና ሄጄ አየኋት። መግለጫው የመዳፍ ያህል ነጭ ካርቶን ነው፤ ከመጨረሻው መስመር በታች ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንዲት የሙዚየም ጎብኚ